ታሪኩን የሚነግረው ማን ነው?
ስለ ተራኪ አቋምና ስለ ልብ ወለድ አወቃቀር፤ ከአሊዩ አምባ እስከ «አደፍርስ»

ከአንኮበር ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፣ ምድሩ ከእግሩ ሥር እየተቆረሰ ወርዶ እስከ ይፋት ቆላ ሲዘረጋ ያያል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ያለችው አሊዩ አምባ ለእርሱ ከታች የምትታይ ትንሽ ጉብታ ናት። ከአዋሽ በኩል በረሃውን አቋርጦ ግመሉን እየነዳ ለሚመጣው ነጋዴ ግን ያችው ጉብታ ቀና ብሎ የሚያያት አምባ፣ የሐሩሩ ማብቂያና የደጋው ደጃፍ ናት። አንዲት ከተማ ለአንዱ ዝቅታ፣ ለሌላው ከፍታ የሆነችው እርስዋ ተለውጣ አይደለም፤ ተመልካቾቹ የቆሙበት ስፍራ ተለያይቶ ነው። በልብ ወለድ ጽሑፍም የተራኪ አቋም የሚባለው ነገር መሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ታሪኩ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ የሚነግረው ሰው የቆመበትን ስፍራ ሳይጠይቁ የታሪኩን ፍሬ ማግኘት አይቻልም።

የአሊዩ አምባ ነገር ለዚህ ትምህርት የሚመች ማስረጃ አለው። ከተማይቱ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራ ወደ ሸዋ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ጓዙን የሚያራግፍባት የዓርብ ገበያ ነበረች። ከአሳል ሐይቅ የተጫነው ጨው፣ ቡናው፣ ጥጡና ሸማው በእርስዋ ይገናኝ ነበር፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው በአንድ ሜዳ ይሸጥና ይለውጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለት እንግሊዛውያን ወደዚህች ከተማ መጡ። አንደኛው የእንግሊዝን መልእክት ይዞ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሡ የተላከው ሻምበል ዊሊያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ነው። ሁለተኛው በተከታዩ ዓመት የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ነው። ሁለቱም መጽሐፎቻቸውን ያሳተሙት በአንድ ዓመት፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። አገሩ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ የጸሐፊዎቹም ወገን አንድ ሲሆን፣ በሁለቱ መጽሐፎች ውስጥ ያለችው አሊዩ አምባ ግን አንዲት አይደለችም።

ሃሪስ የሚናገረው «እኛ» እያለ ነው። ይህ «እኛ» የመልእክተኞች ጉባኤ፣ ስጦታና ጠመንጃ የያዘ ጓዝ፣ ከኋላውም መንግሥት ያለው ነው። ዐይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ንጉሡ አዳራሽ ያቀና ነውና አሊዩ አምባ ለእርሱ የምትታለፍ በር ናት። የመጽሐፉም አወቃቀር ይህንኑ ይከተላል፤ በረሃው፣ መውጣቱ፣ መጠበቁ፣ በንጉሥ ፊት መቅረቡ እንደ ደረጃ እየተደራረቡ ወደ አንድ ጫፍ ይወጣሉ። ጆንስተን ግን «እኔ» ባይ ነው። ከተማይቱ ውስጥ ለወራት ተቀመጠ፤ ንዳድ እየደጋገመ ስለ ጣለው ብዙውን ቀን ያሳለፈው በቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ጫፍ የሚወጣ ሳይሆን የሚዞር ነው፤ የጎረቤት መግባትና መውጣት፣ የምግብና የመጠጥ አሠራር፣ የገበያው ቀን መመላለስ ሥርዓቱ ናቸው። ሃሪስ በእግሩ ሲያልፍ ያላየውን ጆንስተን ከመደቡ ላይ ተኝቶ አይቶታል። በአንጻሩም ጆንስተን በደጁ ያላለፈውን ነገር አላየም፤ ንዳድ የያዘው ሰው ምሬትም በቃሉ ውስጥ ይሰማል።

ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ጆንስተን እውነተኛ፣ ሃሪስ ሐሰተኛ ነው» ማለት የችኮላ ፍርድ ነው። ሁለቱም የሚያዩት ከአንድ ስፍራ ነው፤ ልዩነቱ ስፍራቸውን ለአንባቢ በማሳየታቸው ላይ ነው። የታመመው ሰው አልጋውን ስለሚነግር፣ አንባቢው ምን ያህል እንዳየና ምን እንደ ቀረበት መመዘን ይችላል። «እኛ» ባዩ ግን የቆመበትን ስፍራ በማዕርጉ ስለሚሸፍነው፣ ያየውን ሁሉ አገሩ ራሱ የተናገረው አስመስሎ ያቀርበዋል። የጉዞ መጽሐፍ ልብ ወለድ ባይሆንም፣ ይህ ልዩነት ወደ ልብ ወለድ ሲገቡ የሚጠብቅ ዋና ጥያቄ ነው።

በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ይህ ጥያቄ ረዥም ክርክር ያለው ነው። ፐርሲ ላቦክ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የልብ ወለድ ጥበብ ሁሉ የሚገዛው ተራኪው ከታሪኩ ጋር ባለው ግንኙነት ነው ብሎ ነበር። ኢ. ኤም. ፎርስተር ደግሞ በ1927 እ.ኤ.አ. ነገሩ ይህን ያህል ሊከብድ አይገባም፤ ደራሲው አንባቢውን አሳምኖ ከያዘ አቋሙን ቢያፈራርቅም አይጎዳም ሲል መለሰ። ዌይን ቡዝ በ1961 እ.ኤ.አ. የሚታመንና የማይታመን ተራኪን ለየ። ዤራር ዤኔትም በ1972 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ተደባልቀው የነበሩትን ሁለት ጥያቄዎች አለያያቸው፤ እነርሱም «የሚያየው ማን ነው?» እና «የሚናገረው ማን ነው?» የሚሉት ናቸው። ይህ መለያየት ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ዐይኑ የሕፃን፣ አንደበቱ ግን የሽማግሌ ሊሆን ይችላልና።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሊቃውንት ሕጋቸውን ያወጡት ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ድርሰቶች ነው። አማርኛ ደግሞ የራሱ የአነጋገር ጠባይ አለው፤ ይህም ጠባይ በተራኪ አቋም ላይ ይሠራል። በአማርኛ የሌላውን ቃል የሚያስተላልፍ ሰው፣ የተናጋሪውን «እኔ» እንደ ነበረ አስቀምጦ በላዩ ላይ «አለ» ወይም «ብሎ» ይጨምርበታል። «አባቴ ይቆጣኛል ብሎ ፈራ» ሲባል፣ ፍርሃቱ በፈሪው በራሱ ቃል ተነግሯል፤ ተራኪው የፈሪውን አንደበት ተውሶ መልሶ አስረክቧል። «አባቱ እንዳይቆጣው ፈራ» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን በጨዋታም ሆነ በሙግት ይበልጥ የሚዘወተረው የመጀመሪያው ነው። በዚህ ምክንያት የአማርኛ ተራኪ ሐሳብን እንኳ ሲነግር ንግግር ያደርገዋል፤ «ምን ይሻለኛል አለች በልቧ» እንደሚባለው ነው። በፈረንሳይ የፍሎቤር ትረካ፣ የተራኪው ቃልና የባለ ታሪኳ ሐሳብ ድንበራቸው ጠፍቶ ይዋሐዳሉ። በአማርኛ ግን «አለች» የምትለው አጭር ቃል በሁለቱ መካከል እንደ አጥር ትቆማለች።

ሌላም አለ። ተረት ነጋሪው ወይም ወሬ ነጋሪው በዐረፍተ ነገሩ ማለቂያ «አሉ» ወይም «ይባላል» ሲል፣ ነገሩን እኔ አላየሁትም፤ የሰማሁትን አቀብላለሁ ማለቱ ነው። ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ የኀላፊነት ድንበር ነው። ስለ ሆነም የአማርኛ ሰሚ ከጥንት ጀምሮ «ይህን ማን አየው? ማንስ አለው?» እያለ ማዳመጥ የለመደ ነው። የተራኪ አቋም ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ትምህርት ነው የሚለው አስተያየት እንግዲህ ትክክል አይደለም። እንግዳው ስሙ እንጂ ነገሩ አይደለም።

ወደ ድርሰቶቹ ሲገባ፣ በመጀመሪያ የሚገኘው ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. (1908 እ.ኤ.አ.) ሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ተራኪው ሁሉን ዐዋቂ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትጓዝ ምስጢሩን አንባቢው ያውቀዋል፤ በመንገድ የሚያገኙዋት ግን አያውቁትም። የታሪኩ ጣዕም ያለው በዚህ የዕውቀት አለመተካከል ነው። ተራኪው ለአንባቢው ምስጢር ያካፍለዋል፤ አንባቢውም ከባለ ታሪኮቹ በላይ ባለ ስፍራ ላይ ተቀምጦ እስኪገለጥላቸው ይጠብቃል። ይህ አንባቢውን ከአንኮበር ጫፍ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ይህን የከፍታ አቋም ወደ ፍጹምነት ያደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ይነሣና፣ በስሙ እንደ ተመለከተው በመቃብር ይዘጋል። ተራኪው በማንኩሳው ገበሬ ቤትም፣ በፊታውራሪ መሸሻ አዳራሽም፣ በሰብለ ወንጌል እልፍኝም እኩል ይገባል። የልባቸውን ሐሳብ እንደ ደጃቸው ያውቀዋል። የመጽሐፉ ታላቅነት ይህ ተራኪ ዕውቀቱን ለማላገጥ ሳይሆን ለማዘን ስለሚያውለው ነው፤ በፊታውራሪው ትዕቢት ሲስቅ እንኳ ሳቁ ርኅራኄ አለው። አወቃቀሩም ከዚህ አቋም የተወለደ ነው። አስቀድሞ ሁሉን የሚያውቅ ተራኪ ታሪኩን ከትውልድ እስከ ሞት በአንድ ክር ሊሰፋው ይችላል፤ ልደቱን ሲነግር መቃብሩን እያየ ነውና።

በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የደራሲው ሳይሆን የአጥኚዎች ነው። ስለ ጎጃም ባላባት ሥርዓት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ስእለት ወይም ስለ ገበሬና ባለ ርስት ግንኙነት የሚጽፍ ተማሪ፣ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ንግግር አንሥቶ «የአገሩ ሰው አስተሳሰብ እንዲህ ነበር» ሲል ይገኛል። ጉዱ ካሣ የተናገረውን እንደ አገር ሽማግሌ ምስክርነት የሚቆጥርም አለ። ጉዱ ካሣ ግን በታሪኩ ውስጥ «ጉዱ» የተባለው አስተሳሰቡ ከአካባቢው ስለ ወጣ ነው። የእርሱ ቃል የባላባቱ ልማድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የልማዱ መርማሪ ነውና። የተናጋሪውን ማንነት ሳይመለከቱ ንግግሩን መቁረጥ፣ የከሳሽን ቃል ፍርድ ነው ብሎ መዝገብ ላይ እንደ መጻፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ይፋት መመለስ ይገባል። ደብረ ሲና በዚያው ገደል ላይ፣ ከአሊዩ አምባ ወደ ሰሜን፣ ከጣርማ በር በታች ያለች ከተማ ናት፤ ከእርስዋ የወረደው መንገድ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይገባል። አቶ ዳኛቸው ወርቁ የተወለዱት በዚህች ከተማ ነው። በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «አደፍርስ» የተባለው ልብ ወለድም ሰዎቹን የሚያኖረው በዚሁ በደጋና በቆላ መገናኛ አካባቢ ነው። በመካከሉ ከትምህርት ቤት አዲስ ሐሳብ ይዞ የመጣው ወጣቱ አደፍርስ አለ፤ በዙሪያውም ባለ ርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ልጃቸው ጽዮኔ፣ ሮማንና ሌሎችም አሉ። መጽሐፉ ሲወጣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያገኘውን አቀባበል አላገኘም። ምልልስ በዝቶበታል፣ ሴራው ላልቷል፣ ዋናው ነገር የቱ እንደ ሆነ አይያዝም የሚል ነቀፋ ደረሰበት። ይህ ነቀፋ ዛሬም ከአንዳንድ መምህራን አንደበት አልጠፋም።

ነቀፋው መጽሐፉን የሚመዝነው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሚዛን ነው። ከላይ ሁሉን የሚያይ ተራኪና አንድ ክር የሚጠብቅ አንባቢ በ«አደፍርስ» ውስጥ ክሩን ቢያጣው አያስደንቅም፤ የመጽሐፉ አወቃቀር ክር አይደለምና። አወቃቀሩ ሙግት ነው። ይህን ለመረዳት የአገሩን የጥንት ችሎት ማስታወስ ይበቃል። በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው እየተጠያየቁ፣ በምሳሌና በቅኔ እየተወራረፉ ነገራቸውን ያወጡ ነበር። መንገደኛውም ቆሞ ይሰማ፣ ይመዝንም ነበር። በከፍተኛው ችሎት ደግሞ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ነበር፤ ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳያጎበድድ ነው። የፍርዱ መደምደሚያ ከሁሉ በኋላ ከበላዩ ይመጣል።

«አደፍርስ» የተሠራው በዚህ ሥርዓት ነው ቢባል ብዙው ነገር መልክ ይይዛል። ወጣቱ ስለ ለውጥ ይናገራል፤ ባለ ርስቷ ስለ ርስትና ስለ ወግ ይመልሳሉ፤ ሃይማኖተኛው በበኩሉ፣ ሎሌውም በበኩሉ ይናገራል። ተራኪው በመካከላቸው እየገባ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ስሕተት ነው» አይልም። ዳኛው ወንበሩን ለቆ ሄዷል፤ በዚያ ወንበር እንዲቀመጥ የሚጠበቅበት አንባቢው ነው። ስለዚህ የምልልሱ መብዛት የጥበብ ጉድለት ሳይሆን የአቋሙ ውጤት ነው። ተራኪው ስለ ሰዎቹ መናገር በተወ መጠን ሰዎቹ ራሳቸው መናገር አለባቸው። አስቀድሞ እንደ ተገለጠው፣ ይህ አማርኛ ከሚያዘወትረው «አለ» እና «አለች» ጋር የሚስማማ ነው። አቶ ዳኛቸው የአውሮፓን ዘመናዊ ድርሰት የሚያውቁ ሰው ቢሆኑም፣ በዚህ ሥራቸው የተጠቀሙበት መሣሪያ የአገራቸው ሸንጎ ነው።

የባለ ታሪኩ ስም ራሱ ይህን ሐሳብ ይደግፋል። «አደፍርስ» ማለት የጠራውን በጥብጥ ማለት ነው፤ በአማርኛም «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚል ምሳሌ አለ። ሁሉን ዐዋቂው ተራኪ ለአንባቢው የሚያቀርበው የጠራ ውሃ ነው፤ ዝቃጩን ቀድሞ ለይቶታል። በ«አደፍርስ» ግን ውሃው ከነአፈሩ ይቀዳል፤ ማጥለሉ የጠጪው ነው። ይህ አንባቢን ያደክማል፤ ያከብረዋልም።

ይህ ሁሉ ሲባል መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የሙግት ሥርዓት የሚጸናው ተሟጋቾቹ ክብደታቸው ሲመጣጠን ነው። የአደፍርስ ንግግር አንዳንድ ጊዜ ከክርክርነት ወጥቶ ወደ ትምህርትነት ያዘነብላል። በዚያን ጊዜ ለቆ ሄደ የተባለው ዳኛ በወጣቱ አንደበት ተሰውሮ የተመለሰ ይመስላል፤ ነገሩም ይቆማል፤ ሌሎቹም ተሟጋች መሆናቸው ቀርቶ አድማጭ ይሆናሉ። በአንጻሩ መጽሐፉ ከፍ የሚለው ከትምህርት ቤት ያልመጡት ሰዎች በአገራቸው አነጋገር፣ በምሳሌያቸውና በነገር ወጋቸው ሲናገሩ ነው። እውነተኛው ሂስ እንግዲህ «ምልልሱ በዛ» የሚል ሳይሆን፣ «በዚህ ምልልስ ውስጥ አንዱ ከሌላው የበለጠ ጊዜ ተሰጠው» የሚል መሆን ይገባዋል። የመጀመሪያው ነቀፋ አወቃቀሩን አይቀበልም፤ ሁለተኛው አወቃቀሩን ተቀብሎ በራሱ ሕግ ይፈርድበታል።

ደራሲው ለዚህ ጥያቄ ያላቸው ትኩረት በአንድ መጽሐፍ ያበቃ አልነበረም። በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» በተባለው ልብ ወለድ፣ የታመሙትን ፊታውራሪ ወልዱን ይዞ ልጃቸው ጎይቶም ወደ ዝቋላ ተራራ ይወጣል። በዚያም የበሽተኛው፣ የልጁና የገበሬው እምነትና ጥርጣሬ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አጭርና የተጨመቀ ነው፤ በአማርኛው የነበረው የሸንጎ ስፋት በውስጡ የለም። ይህም የተራኪ አቋም ከቋንቋው ተለይቶ የሚሸከሙት ዕቃ አለመሆኑን ያስረዳል። አንድ ደራሲ፣ አንድ ጭንቀት ይዞ በሁለት ቋንቋ ሲጽፍ ሁለት ዓይነት አወቃቀር አግኝቷል።

ለማነጻጸር አንድ ሌላ ሥራ መጥቀስ ይጠቅማል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» የሚነገረው በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኀይለ ማርያም «እኔነት» ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻን አንባቢው የሚያየው በዚህ ሰው ዐይን ብቻ ነው። ጸጋዬ ለዘመቻው የተላከ የመንግሥት ሰው ነውና እንደ ሃሪስ ማዕርግ አለው፤ ነገር ግን የሚናገረው እንደ ጆንስተን ነው፤ ያየውን፣ የወደደውንና የፈራውን ይነግራል። ለዘመቻው ያለው ግዴታና በዐይኑ ያየው ነገር እየተራራቁ ሲሄዱ፣ አንባቢው ያንን ርቀት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ይለካዋል። ይህ በሁሉን ዐዋቂ ተራኪ ቢነገር ኖሮ የፖለቲካ ክርክር ይሆን ነበር፤ በ«እኔ» ስለ ተነገረ ግን ምስክርነት ሆነ። መጽሐፉ በወጣ በጥቂት ጊዜ ከገበያ መሰብሰቡ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው መጥፋቱ ይታወቃል። የአቋም ምርጫ የጥበብ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ለማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ሦስት አቋሞች፣ ሦስትም አወቃቀሮች ታይተዋል። ከላይ የሚያየው ተራኪ ታሪኩን እንደ ክር ይሰፋዋል፤ «እኔ» ባዩ እንደ ምስክር ቃል ያቀርበዋል፤ ወንበሩን የለቀቀው ደግሞ እንደ ሙግት ይዘረጋዋል። ከእነዚህ አንዱ ለሁሉ የሚበጅ፣ ሌላው የማይረባ አይደለም። ስሕተቱ የአንዱን ፍሬ ከሌላው ዛፍ መፈለግ ነው። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚገኘው የአንድ አሳቢ ደራሲ ስለ ዘመኑ ያለው የተሟላ ሥዕል ነው። ከ«ኦሮማይ» የሚገኘው አንድ ሰው በአንድ ስፍራ የከፈለው ዋጋ ነው። ከ«አደፍርስ» የሚገኘው አንድ አገር ስለ ራሱ የተከራከረው ክርክር ነው። የባሕል አጥኚ ከሦስቱም ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን ከየትኛውም አንድ ዐረፍተ ነገር ቀድቶ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ከማለቱ በፊት፣ ዐረፍተ ነገሩ የማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተነገረና በምን ጊዜ እንደ ተነገረ መጻፍ አለበት።

ይህ ግዴታ በልብ ወለድ አንባቢ ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም፤ ደብተሩን ይዞ ወደ ቆላ በሚወርደው ተማሪም ላይ ይጫናል። አሊዩ አምባ እስካሁን በብዛት የተጻፈችው ከሌላ ስፍራ በመጡ ሰዎች ነው። በበሽታ የወደቀው ሐኪምም ቢሆን የሚጽፈው ለለንደን አንባቢ ነበር። ግመሉን ነድቶ የመጣው ነጋዴ፣ ሸማውን የሠራው አርጎባ፣ ለእንግዳው ውሃ የቀዳችው ሴት በእነዚያ መጽሐፎች ውስጥ ይታያሉ እንጂ አይተርኩም። በአንኮበር ዙሪያ ያሉት አርጎባዎች ዛሬ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል፤ የቀድሞው ቋንቋቸው ይዞት የነበረው የአነጋገር ወግ፣ «አለ» እና «አሉ» የሚባልበት ሥርዓትም ከቋንቋው ጋር እየራቀ ሄዷል። የቀሩትን ሽማግሌዎች የሚጠይቅ ሰው የሰማውን ሁሉ ወደ አንድ የጠራ ትረካ ቢያቀልጠው፣ ሳያውቀው የሃሪስን «እኛ» ይዞ ተመልሷል። ቃላቸውን ከነልዩነቱ፣ አንዱ ሌላውን ሲቃወም፣ «እኔ አላየሁም፤ ሲሉ ሰማሁ» ያሉበትንም ጭምር ቢያስቀምጥ ግን፣ «አደፍርስ» በልብ ወለድ የሞከረውን በምርምር ፈጸመ ማለት ነው።

በዓርብ ቀን ወደ ገበያው ከደጋው የሚወርድና ከቆላው የሚወጣ ሰው በአንድ መንገድ ይገናኛሉ። አንዱ ቁልቁለት ያለውን ሌላው ዳገት ይለዋል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። መንገዱ የቱ እንደ ሆነ የሚያውቀው ግን የሁለቱንም ቃል ከነአቅጣጫው የሰማ ነው።